ሦስተኛው ቅብ

ሆንግ ኮንግ፣ መርከብ ላይ
ኦክቶበር 9 ቀን 1994

ውድ እህቴ ዮዘፊን፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ማለት እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ ማለት ከሆነ። ደብዳቤሽን እንደተቀበልኩ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። የቤታችን አሳማ ጋጣ የሚሸተኝ መስሎኝ ነበር። ሳሙና ብቻ ሸተተኝ። አልዋሽሽም፣ ከፋኝ።

የጠየቅሽኝን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ዕድሜሽን ሙሉ “ብስክሌት ዳቦ ቤት መሄጃ ነው” ስትይ የኖርሽ ሴት፣ እኔና ዋነስ እሑድ እሑድ በጭቃ ተለውሰን ስንመጣ “ሁለት አሳማ ተጨመረ” ብለሽ በር የምትዘጊብን ሴት፣ ዛሬ የማሳ ውድድር ልግባ ትያለሽ? ያውም በዋነስ ብስክሌት? ከዚያ ግን ገባኝ። ወንድማችን ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ብስክሌቱም በዕቃ ቤት ውስጥ ቆሞ ያያችኋል። አታብራሪልኝ። የቬልደከርከ ውድድር እንደሆነ ፈቃድ የማይጠየቅበት የመንደር ጨዋታ ነው። ዳቦ ጋጋሪውም፣ ጡረተኛውም ይገባበታል። አንቺን ማን ይከለክልሻል?

እንግዲህ ስለ ጎማው። ሜዳው የበቆሎ ማሳ ነበር፤ ከተሰበሰበ በኋላ ላይ ላዩ ደረቅ ይመስላል፣ በወንዙ በኩል ያለው ግማሹ ግን እስከ ፋሲካ አይደርቅም። ስለዚህ ለስላሳውን ጎማ እርሺው፤ እሱ ለአሸዋ ነው። ጥርሱ ትንንሽ የሆነውም ለሣር ነው። አንቺ ጥርሱ ረዣዥምና የተራራቀውን ውሰጂ፤ ጭቃውን ነክሶ ይተፋዋል። ቸርኬውን በተመለከተ፣ ቀላሉን ብር መሳዩን እንደምትመርጪ አውቃለሁ፣ ያምራልና። ተይው። ግራጫውን፣ ሽቦው የበዛውን ውሰጂ። ይከብዳል፤ ግን መንገዱን የሚዘጉት እንጨቶች ጋ ወርደሽ፣ ብስክሌቱን በትከሻሽ ይዘሽ ሮጠሽ፣ መልሰሽ ስትወረውሪው አይጣመምም። ጀማሪ ብስክሌቱን አያስቀምጥም፤ ይወረውረዋል።

ጎማዎቹ ዓመት ሙሉ ስለቆሙ እንደገና መጣበቅ አለባቸው። የእኛ ጎማ እንደ ዳቦ ቤት ብስክሌትሽ ጎማ በቸርኬው ከንፈር የሚያዝ አይደለም። ካላማዳሪያው ውስጡ ተሰፍቶበታል፤ ሥሩ የጥጥ ጨርቅ ነው፤ ቸርኬው ላይ የሚይዘው ማስቲሽ ብቻ ነው። አሮጌውን ማስቲሽ ፋቂ። ከዚያ ቸርኬውንም ጨርቁንም ስስ አድርገሽ ቀቢ፤ አንድ ቀን ይደር። እንደገና ቀቢ፤ ይደር። ሦስተኛውን ቀብተሽ እርጥብ እያለ ጎማውን አልብሺው። ሦስተኛው ቅብ ነው የሚይዘው። ትዕግሥት የሌለው ሰው እሱን ይዘላል፤ አንቺ እንዳትዘይ።

እኔ ዘልዬ አላውቅም። ታስታውሻለሽ፣ የአክስታችን ልጅ ስትዳር ሦስተኛው ቅብ አስይዞኝ ቃል ኪዳኑ አምልጦኝ ኬኩ ላይ ስደርስ? አባባ በሰው ፊት “ይህን ልጅ ሞት ቢጠራው እንኳ ማስቲሹ ይድረቅልኝ ይላል” ብለው ድንኳኑን በሳቅ ሞሉት። እኚያው አባቴ ከዋነስ ቀብር መልስ፣ በካሚል መጠጥ ቤት፣ ለቀብርተኛ የሚሰጠውን የአሳማ ሥጋ ዳቦ በእጃቸው ይዘው፣ “ልጄን የገደለው ማስቲሽ ነው፤ ማስቲሹን የቀባው ደግሞ ይሄ ነው” ብለው በጣታቸው አሳዩኝ። ማንም ዳቦውን አልዋጠም።

ከዚያ ወዲህ ከባሕር ሥር አሸዋ እየመጠጥን ደሴት ስንሠራ እውላለሁ፣ በልቤ ግን ያንን የዋነስ የፊት ቸርኬ እቀባለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ምንም አላጎደልኩም። ካላጎደልኩ ዋነስ ቁልቁለቱን ሲወርድ ጎማው ለምን ወለቀ? ይህን ሳላውቅ በቤታችን በር አልገባም። አጉድዬም ከሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ያኔ ጭራሽ አልመጣም።

ከዕቃ ቤቱ በር ጀርባ ብቻዋን የተሰቀለችውን ቸርኬ አትንኪ። የትኛዋ እንደሆነች ታውቂያለሽ።

ወንድምሽ ሊቨን


ቬልደከርከ
ኖቬምበር 14 ቀን 1994

ውድ ወንድሜ ሊቨን፣

ይህን ያህል ስለዘገየሁ ይቅር በለኝ። ጣቶቼ በማስቲሽ ተጣብቀው ብዕር አልለቅ እያለኝ ነበር። ቀልድ እንዳይመስልህ፤ የአባባን ቁርስ ሳቀርብ ሹካው አብሮኝ ተመለሰ።

ግራጫውን ወሰድኩ። ብር መሳዩን አንድ ሰዓት ያህል ካየሁ በኋላ፣ እያዘንኩ። ሦስቱንም ቅብ እንዳልከኝ ቀባሁ። ሦስተኛው ላይ ጎማው አልገባ ብሎኝ በጉልበቴ ይዤው ስታገል ለአሳማ የምሰድበውን ስድብ ሁሉ ጨረስኩበት። በመጨረሻ ገባ። ሳጣምመው አልነቃነቅ አለ። ሊቨን፣ እንዴት እንደኮራሁ ብነግርህ ትስቅብኛለህ።

ስለ ውድድሩ ላውጋህ። ከመጨረሻ ሁለተኛ ወጣሁ፤ የበለጥኩት ዳቦ ጋጋሪውን ነው፣ እሱም በየዙሩ ወርዶ አንዳንድ መለኪያ ዬኔቨር አረቄ ስለሚጨልጥ ነው። ገና መነሻው ላይ ካሚል ጎማዬን በአውራ ጣቱ ተጭኖ ጮኸብኝ። “ምን ነክቶሽ ነው እንደ ድንጋይ የነፋሽው? ጭቃ ላይ ነው እኮ የምትሄጂው! ልቀቂ፣ ልቀቂ፣ አሁንም ልቀቂ!” አውራ ጣቴ እንደ በሰለ ቲማቲም ውስጥ እስኪገባ አስለቀቀኝ። እውነቱን ነበር። በወንዙ በኩል ሌሎቹ እየተንሸራተቱ ሲወድቁ እኔ እያቃሰትኩ አለፍኩ። እንጨቶቹ ጋ ብስክሌቱን ተሸክሜ ስሮጥ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ፣ “ዮዘፊን! ኧረ አሳማዎቹ እየቀደሙሽ ነው!” ይለኛል። “አባትህ ናቸው የቀደሙኝ!” አልኩት አንዱን። የነሐስ ሙዚቀኞቹ ሳቁና ዜማው ተበላሸ።

እውነቱን ልንገርህ? ደስ አለኝ። ጭቃ ጥርሴ ውስጥ ገብቶ፣ ሳንባዬ ተቀድዶ፣ ደስ አለኝ። ለካ ለዚህ ነው! ዋነስ በየሳምንቱ ወደዚያ የሚሮጠው ለዚህ ነበር አልኩና እዚያው ቁልቁለቱ ላይ አለቀስኩ። ደግነቱ ፊቴ ላይ ጭቃና እንባ አይለይም።

አሁን ትልቁን ወሬ ስማ። አባባ መጡ። አልጋበዝኳቸውም። ረዣዥሞቹ ዛፎች ጋ፣ ዋነስ የወደቀበት ቦታ፣ ባርኔጣቸውን ይዘው ቆመው አየኋቸው። ቤት ስደርስ በር ላይ ጠበቁኝ፤ “ስጪኝ” ብለው ብስክሌቱን ከእጄ ወሰዱ። ለጋጣው የገዙትን የላቫጆ ማሽን አስነሥተው፣ ለዋነስ እንደሚያደርጉት፣ በሙቅ ውኃ አጠቡልኝ። ማሽኑ የሚምረው የለም፤ በጎማውና በቸርኬው መሃል የገባውን ጭቃ ሳይቀር ጥርግ አድርጎ ያወጣዋል። እና ከማሽኑ ድምፅ በላይ ምን ሰማሁ መሰለህ? ያፏጫሉ። ከቀብሩ ወዲህ አፋቸውን ለምግብ እንኳ በልመና የሚከፍቱት ሰውዬ ያፏጫሉ። ማታ ሁለት ሳህን የአተር ሾርባ ጠጡ። “ጎበዝ ነሽ” አሉኝ። “በሚቀጥለውም እኔ ነኝ የማጥብልሽ።”

የአንተን ስም ላነሣ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ዛሬ ያፏጩ፣ ሌላ ቀን ይደርሳል ብዬ ተውኩት። በዚህ ቅር አይበልህ።

እህትህ ዮዘፊን


ሆንግ ኮንግ
ኖቬምበር 29 ቀን 1994

ውድ ዮዘፊን፣

ደብዳቤሽን ለመርከቡ ወጥ ቤት ሰዎች እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። “አባትህ ናቸው የቀደሙኝ” ስል ማንኪያ ጣሉ። ከመጨረሻ ሁለተኛ! እኔ በመጀመሪያ ውድድሬ መጨረሻ ነበርኩ፤ ያውም አንድ ሰው ከነተሰበረ ካቴናው በእግሩ እየሮጠ ቀድሞኝ። ስለዚህ ከእኔ ትሻያለሽ።

አባባ አፏጩ ያልሽውን ለብቻዬ ስሆን ደግሜ አነበብኩት። ስሜን ባለማንሣትሽ ቅር አላለኝም። ያፏጩ። እኔ እጠብቃለሁ፤ እዚህ ከመጠበቅ ሌላ ሥራ የለም።

አንድ ነገር ብቻ፣ እባክሽ በዘዴ አድርጊው። ያ ማሽን ጎማዎቹን አይንካቸው። ለአሳማ ጋጣ ጥሩ ነው፤ ለእኛ ጎማ ግን መርዝ ነው። ውኃውን በግፊት ከጎማውና ከቸርኬው መሃል ያስገባዋል፤ ከገባ በኋላ ደግሞ መውጫ የለውም። ላይ ላዩ ያበራል፣ ሥሩ ያለው ጥጥ ግን በጥቂት ሳምንት ይበሰብሳል። ክፋቱ፣ ከውጭ አይታይም። ማስቲሹ ቸርኬው ላይ እንደተቀባ ይቀራል፤ ጨርቁ ነው እንደ እርጥብ ዳቦ የሚላቀቀው፣ ያውም ብስክሌቱ ጎን ለጎን ሲጋደል። በእኔ ጊዜ በባልዲና በብሩሽ ነበር የሚታጠበው። እኔ አንትወርፕ ከተማ መርከብ ጥገና ውስጥ እሠራ በነበረበት ጊዜ እሑድ ከሜዳው ቀጥታ ወደ ባቡር ስለምሮጥ ማጠቢያውን አላይም ነበር።

አባባን ግን እንዳታስቀይሚያቸው። “ብሩሹ ለጤና ጥሩ ነው፣ ወገብ ያፍታታል” በያቸው። ለመሆኑ ማሽኑን መቼ ነው የገዙት?

ወንድምሽ ሊቨን


ቬልደከርከ
ጃንዋሪ 8 ቀን 1995

ውድ ወንድሜ ሊቨን፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰህ። ጤና ይስጥህ፣ ባሕሩ ይራራልህ። አክስታችንም፣ ካሚልም፣ ካሚል ቤት ያሉት ካርታ ተጫዋቾችም ሰላም ይሉሃል። ለበዓል የላክሃቸው ሁለቱም ካርዶች ደርሰውኛል። ባለ ጀልባው ያምራል፤ መስኮቱ ላይ አድርጌዋለሁ። ስለ ማሽኑ ደግመህ የጠየቅከኝንም አይቻለሁ።

እዚህ ብርድ ነው። ኩሬው በረዶ ሆኖ ስለረጋ ልጆች ሲንሸራተቱበት ዋሉ። የአዲስ ዓመቱን ስስ ብስኩት ጋግሬ ነበር፤ የእማማን መጋገሪያ ብረት ስለማላውቅበት ግማሹ አረረ። ሁለት እናት አሳማዎች ወልደዋል፤ አንዷ ሦስት ልጆቿን ተኝታባቸው ገደለቻቸው። አባባ “እናት ናት፣ አላየቻቸውም” ብለው እሷን አባብለው ልጆቹን ቀበሯቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይሸጧት ነበር። ካሚል ዳሌውን ያመዋል፤ ቆሞ መጮህ ስላልቻለ ወንበር አስመጥቶ ተቀምጦ ይጮሃል።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሁለት ውድድሮች ሳልገባ ቀረሁ። ጉንፋን ይዞኝ ነበር። በሦስተኛው ገባሁ፤ ሜዳው አጠገብ ካለው ቦይ ውኃ ቀድቼ ብስክሌቱን በብሩሽ እዚያው አጥቤ መጣሁ። አባባ በር ላይ ማሽኑን አዘጋጅተው ሲጠብቁኝ ነበር፤ ንጹሕ ሆኖ ሲያዩት እጃቸው ወረደ። “ምነው፣ አጠባዬን አልወደድሽውም?” አሉኝ። “ኧረ አባባ፣ እንዳይደክሙ ብዬ ነው” አልኩ። “ዋነስ እኮ አንድም ቀን አልከለከለኝም” አሉና ገቡ። ያን ቀን ሾርባውን አልነኩትም። ሐኪሙ፣ “በምንም ይሁን በምን ደስ ያላቸውን ነገር አትከልክያቸው፤ ያለዚያ ይህን ክረምት አይወጡትም” ብሎኛል።

ማሽኑ መቼ እንደተገዛ አላስታውስም።

ዕቃ ቤቱን አጸዳሁ። ከበሩ ጀርባ ያለችውን ቸርኬ አውርጄ በጆንያ ጠቅልዬ ጣራው ሥር አስቀምጫታለሁ። አቧራ ጠጥታ ነበር። አትንኪ እንዳልከኝ አውቃለሁ፤ ይቅር በለኝ።

ሊቨን፣ ያ ነገር ካለፈ ዓመት አልፎታል። አንተ ጎበዝ ሠራተኛ ነህ፤ ማንም ምንም ቢል እኔ ይህን አውቃለሁ። ዝም ብለህ ብትመጣስ? ሁሉንም ጥያቄ መመለስ የግድ ነው?

እህትህ ዮዘፊን


ሆንግ ኮንግ
ጃንዋሪ 24 ቀን 1995

ዮዘፊን፣

ሰላምታውን ዝለይው።

የቤታችን ላም የተገዛችበትን ቀን፣ የጣራው ክዳን የተቀየረበትን ሳምንት፣ እኔ በሰባት ዓመቴ የሰበርኩትን ሳህን የምታስታውሺ አንቺ፣ ማሽኑ መቼ እንደተገዛ አላስታውስም ትይኛለሽ። ያቺን ቸርኬ አውርደሻታል። ጎማዋን በጣትሽ ነክተሻል። እኔው ነኝ በገዛ እጄ ምን እንደምትፈልጊ የነገርኩሽ። ጨርቁ ምን ይመስላል? እርጥብ ዳቦ ነው አይደል? ማስቲሼስ ቸርኬው ላይ አለ፣ ሦስቱም ቅብ?

መልስ አትስጪኝ። አሁን እኔም አስታወስኩ። ዋነስ በሞተበት እሑድ ጠዋት መነሻው ላይ ነፋሱን ልለካለት ጎማውን ስጫን፣ ቸርኬው እንደ መስታወት ያበራል። “ማን ነው እንዲህ ያሳመረልህ?” አልኩት። “አባባ” አለኝ፤ እየሳቀ፣ ኮርቶ። እኔ ቀናሁ። እኔ ስወዳደር አባባ አንድም ቀን ሜዳ መጥተው አያውቁም፤ ለእሱ ግን ያጥባሉ ብዬ ቀናሁ። እዚያው ጣቴ ሥር ነበር የበሰበሰው።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ለአባባ ስልክ ልደውል ወደብ ወረድኩ። ብዙ የምላቸው ነበረኝ። በሰው ፊት ጣታቸውን ቀስረውብኝ፣ ከሀገሬ አባርረውኝ፣ ወንድሜን በገደልኩበት እጄ እንዴት እንደምበላ እያሰብኩ ዓመት ሙሉ... ተራ ጠብቄ ስልኩን አነሣሁ። ከዚያ ማፏጨታቸው ትዝ አለኝ። ስልኩን መልሼ ሰቀልኩት። ከኋላዬ የነበረው ሰውዬ በቋንቋው ሰደበኝ፤ ምናልባት ስንት ሰዓት ይፈጃል ብሎ ይሆናል።

ዮዘፊን፣ ሰው ክፉ ልጅ ኖሮት መኖር ይችላል። እኔን እየጠሉ ይህን ዓመት ኖረዋል፤ ጥላቻው እንደ ምርኩዝ ይዟቸዋል። ያንን ምርኩዝ ነጥቀሽ በምትኩ ይሄን እውነት ስትሰጫቸው ምን ይሆናሉ? ዋነስን የወደዱት በዚያ አጠባ ብቻ ነው። ሌላ መውደጃ ሲያውቁ አይተሻል? እኔ አላየሁም።

ስለዚህ ከዚህ ጋር ያለውን ሌላ ወረቀት አንብቢላቸው። እንዲህ ይላል፦ “አባባ፣ ያሉት እውነት ነው። ያን ጊዜ ባቡር እንዳያመልጠኝ ቸኩዬ ሦስተኛውን ቅብ ዘልዬዋለሁ። ይቅር ይበሉኝ፣ ካልቻሉም አይበሉኝ። ሊቨን።” በቃ። ከዚያ በኋላ እሳቸው የሚጠሉት ሰው ይኖራቸዋል፤ እኔም ማወቅ የምፈልገውን አውቄአለሁ። ለእኔ ይበቃኛል። አንቺ ብስክሌትሽን አስጠቢ፤ ጎማሽን ግን በየጊዜው እያወለቅሽ እንደገና አጣብቂ፣ አባባ ሳያዩሽ።

ካላነበብሽላቸው እህቴ አይደለሽም።

ሊቨን


ቬልደከርከ
ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1995

ወንድሜ ሊቨን፣

አነበብኩላቸው። ባላነብላቸው ይሻል ነበር። አንተም ባትጽፈው ይሻል ነበር። ግን ተጻፈ፣ ተነበበም፤ የሆነውን ልንገርህ።

ምሳ በልተን ስናበቃ “አባባ፣ ከሊቨን የመጣ ነው” አልኳቸው። ስምህን ሲሰሙ ማንኪያቸውን አስቀመጡ፤ አልተቆጡም። አነበብኩት። ከዚያ “ድገሚው” አሉኝ። ደገምኩት።

“ሦስተኛውን ቅብ ዘለለ? ሊቨን?” አሉ።

“እንዲያ ነው የሚለው።”

“ሊቨን ቸኩሎ አያውቅም።” እንዲህ ያሉት ለእኔ አይደለም፣ ለጠረጴዛው ነው። “ያ ልጅ በማስቲሽ ምክንያት የሠርግ ቃል ኪዳን ያመለጠው ልጅ ነው። እኔ ነኝ እኮ የሳቅኩበት። ሰው ቢቸኩል እሱ ይቸኩላል?” ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። “ለምንድን ነው የዋሸኝ?”

ሊቨን፣ አፌን ዘግቼ ነበር። በእናታችን ነፍስ እምልልሃለሁ፣ አንድ ቃል አልወጣኝም። ግን ዓይኔን መያዝ አልቻልኩም። በመስኮቱ በኩል ወደ ግቢው ሄደብኝ፤ ማሽኑ እዚያ ከነቱቦው ቆሟል። አባባ የማየውን አዩ። ለብዙ ጊዜ አብረን አየነው።

ሲነሡ ተከተልኳቸው። የት እንዳስቀመጥኳት አልጠየቁኝም፤ መሰላሉን ራሳቸው አቁመው ጣራው ሥር ወጡ፣ ጆንያውን ይዘው ወረዱ። ብርሃን ወዳለበት አውጥተው ፈቷት። ቸርኬው ላይ ማስቲሽህ ዙሪያውን አንድም ቦታ ሳይጎድል አለ። ጎማውን ገልብጠው ሥሩን በአውራ ጣታቸው አሹት። ጥቁር ሆኖ ጣታቸው ላይ ቀረ። ጣታቸውን አዩት፣ ሱሪያቸው ላይ ጠረጉት፣ እንደገና አሹት።

“ቅዳሜም አጥቤው ነበር” አሉ። “እሑድ ሊወዳደር፣ ቅዳሜ ዕለት። ንጹሕ ነበር እኮ። ንጹሕ ነበር፤ እኔ ነኝ ይብራ ብዬ...”

አቀፍኳቸው። እንደ አጥር እንጨት ነበሩ። አላለቀሱም፤ ቢያለቅሱ ምንኛ በወደድኩ።

በማግሥቱ እሑድ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ካሚል ቤት ገቡ፤ ከቀብሩ ወዲህ ገብተው አያውቁም። ካርታ ተጫዋቾቹ ቦታ ሊለቁላቸው ሲነሡ “ተቀመጡ” አሏቸው። በያኔው ቦታ፣ በያኔው ድምፅ፣ “እዚህ ቆሜ ስለ ሊቨን የተናገርኩት ውሸት ነው። ልጄን ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ የገደለው አጠባዬ ነው” አሉ። ካሚል ነው የነገረኝ፤ ሲነግረኝ ያ ሁሉ ጯሂ ሰው ይንሾካሾክ ነበር። አንዱ “ኧረ ኦሜር፣ ተው፣ ማን አወቀ” ቢላቸው፣ “እኔ አወቅኩ” ብለው ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ። የቀዱላቸው ቢራ እንደነበረ ቀርቷል።

ለአንተ ምን ልጻፍለት ብዬ ጠየቅኳቸው። “ካሚል ቤት ተናግሬአለሁ በይው። ይምጣ ግን እንዳትይው፤ ለመጥራት ፊት የለኝም። ከመጣም መጥቶ ይምታኝ” አሉ። ልብስ አጥፌ ስመለስ ደግሞ፣ “ሦስተኛው ቅብ ለመድረቅ ስንት ቀን ነው የሚፈጅበት?” ብለው ጠየቁኝ። “ሦስተኛው እርጥብ እያለ ነው የሚለበሰው፣ አባባ” አልኳቸው። “ዋነስን ይህን እንኳ ሳልጠይቀው ሞተ” አሉ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር አልተናገሩም። ስለ ሌላም እምብዛም አይናገሩም። የሚተኙት በዋነስ አልጋ ነው። ሾርባ በማንኪያ አጎርሳቸዋለሁ።

አንተ ከወቀስከኝ ትክክል ነህ። እኔ ግን ስላንተ ደስ ብሎኛል፤ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም። እጅህ ንጹሕ ነው። መንደሩ ሁሉ ያውቃል። በቀን ብርሃን፣ በዋናው መንገድ ልትመጣ ትችላለህ።

ብስክሌቱን ሰቅዬዋለሁ። ከረምረም ብዬ እመለስበት ይሆናል፤ አሁን ግን ጎማውን በአውራ ጣቴ ስጫን የአባባ ጣት ነው የሚታየኝ።

ማሽኑን ልሸጠው ብዬ ነበር፤ “አሳማዎቹስ?” አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ጋጣው መታጠብ አለበት። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ያስነሡታል። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ድምፁን አዳምጣለሁ። መሃል ላይ ድንገት ይቆማል። ያኔ የያዝኩትን አስቀምጬ ወደ መስኮቱ እሮጣለሁ፤ አንዳንዴ ቱቦውን ይዘው ቆመው አያቸዋለሁ፣ አንዳንዴ ጋጣው ውስጥ ናቸውና አይታዩኝም። እስኪጀምር ድረስ አልተነፍስም። እስካሁን ሁልጊዜ እንደገና ጀምሯል።

ቶሎ ና፣ ሊቨን።

እህትህ ዮዘፊን